የእንግሊዝኛ ሃይኩ አልሠራ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሃይኩ የጃፓን አጭር ግጥም ነው፦ ሦስት መስመር፣ በየመስመሩ 5-7-5 የድምፅ ክፍል፣ ወቅት ያለበት፣ ቤት የማይመታ። ይሄንን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ። ጓደኞቼ በእንግሊዝኛ ይጽፉና "እስቲ እየው" ብለው ይልኩልኛል። ከሚደርሰኝ አብዛኛው በሽታው አንድ ነው፣ ከእሱ ልጀምር።

ምልክት፦ ቆጠራው ልክ ነው፣ ግጥሙ ግን ይንዛዛል

መንስኤው ጃፓኖች የሚቆጥሩትና እንግሊዝኛ የሚቆጥረው ለየቅል መሆኑ ነው። በጃፓንኛ የሚቆጠረው "ኦን" የሚባል አጭር የድምፅ ምት ነው። ረዥም አናባቢ ሁለት ይሆናል፣ ቃል መጨረሻ ላይ ያለች "ን" እንኳ ለብቻዋ አንድ ናት። ቶኪዮን በእንግሊዝኛ ብትቆጥሩ ሦስት ቀለም (ሲላብል) ነው፤ በጃፓንኛ ግን ቶ-ኡ-ክዮ-ኡ፣ አራት። በሌላ በኩል "ስትሬንግዝ" ያን ሁሉ ተነባቢ ተሸክሞ በእንግሊዝኛ አንድ ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ 17 የእንግሊዝኛ ቀለም ውስጥ 17 ኦን ከሚይዘው ብዙ የበለጠ ነገር ይገባል፣ ሰውም ትርፉን ቦታ ባዶ ላለመተው ያገኘውን ቅጽል ሁሉ ይጠቀጥቅበታል።

አንዱ ከአዲስ አበባ፣ በሐምሌ፣ ይሄንን ላከልኝ፦

ዘ ኮልድ ዊንተር ሬይን
ኢዝ ፎሊንግ ዳውን ሶ ሶፍትሊ
አፖን ዘ ኦልድ ሩፍ

ቆጠራው እንከን የለውም። ግን "ዳውን" ምን ይሠራል? ዝናብ ወደ ላይ ይዘንባል እንዴ? "ሶ" የገባችው ሰባት እንድትሞላ ብቻ ነው። "ዊንተር" ካለ ደግሞ "ኮልድ" ለምን? ጣራው ምን ሆኖ ነው ብዬ ስጠይቀው "ያፈሳላ፣ ባልዲ ደቅነንበታል፣ ሊሞላ ነው" አለኝ። አይ አንተ! ግጥሙ እኮ ባልዲው ነው፤ እሱን ደብቀህ ነው "ሶፍትሊ" የምትለኝ? ተነጋግረን እንዲህ ሆነ፦

ጁላይ ሬይን
ዘ በከት አንደር ዘ ሊክ
ኒርሊ ፉል

13 ቀለም። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ብዙ የሃይኩ ገጣሚዎች ከ10 እስከ 14 ባለው ውስጥ ነው የሚጫወቱት። "17 ካልሆነ ሃይኩ አይደለም" ብሎ ድርቅ ለሚል መልስ አለኝ፦ ታላቁ የጃፓን የሃይኩ ገጣሚ ባሾ ራሱ፣ ያውም በጃፓንኛ፣ በቁራው ግጥሙ መካከለኛውን ሐረግ ከ7 አሳልፎታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀለም የሚቆጥሩ ድረ ገጾችን አትመኑ። "ፋየር"ን አንዱ አንድ፣ ሌላው ሁለት ይላችኋል። በአፋችሁ በሉት።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ቃል ቀንሱ ሲባል "ዘ" እና "ኤ"ን በሙሉ ጠርጎ የሚያወጣ አለ። "ሬይን በከት ሊክ" ብሎ የላከልኝ አለ፣ የአስቤዛ ዝርዝር ነው የሚመስለው። ጃፓንኛ እነዚህ ቃላት ስለሌሉት አይጎድሉትም፣ እንግሊዝኛ ግን ያለ እነሱ ያነክሳል። ቅጽሉን ጣሉ፣ "ዘ"ን ተዉአት።

ምልክት፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቦታ ተቆራርጦ

መንስኤ፦ መቁረጫው፣ ማለትም ግጥሙን ለሁለት የሚከፍለው ማቆሚያ፣ የለም። ጃፓንኛ ለዚህ የሚሆኑ "ያ"፣ "ካና"፣ "ኬሪ"ን የመሳሰሉ ቃላት አሉት። በ1686ቱ የባሾ የእንቁራሪት ግጥም "ያ" የምትመጣው ከአሮጌው ኩሬ ቀጥላ ነው። ኩሬው ለብቻው ይቆምና ዝላዩና የውሃው ድምፅ ከወዲያ ይመጣሉ። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ቃል ስለሌለው በሰረዝ ወይም በመስመር መስበር ይብቃቃል። ከላይ ዝናቡ ብቻውን መስመር የያዘው ለዚሁ ነው።

አንዴ ብቻ ቁረጡ። ሁለቴ ከቆረጣችሁ የማይተዋወቁ ሦስት ቁርጥራጮች ይቀሯችኋል።

ምልክት፦ ወቅቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም

የሐምሌን ዝናብ "ዊንተር" ካላችሁት የለንደኑ አንባቢ ታኅሣሥን ነው የሚያስበው። ወሩን ጥሩት። የጃፓኖችን የቼሪ አበባ በዓይኑ ሳያይ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ያናድደኛል፤ ደጃችሁ ላይ ያለው ምን ሆነና ነው?

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

"ላይክ" እያሉ ማመሳሰል፦ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና "ላይክ"ን አውጡ።

ነጠላና ብዙ፦ በጃፓንኛ እንቁራሪቷ አንድ ትሁን አሥር ሳይነገር ማለፍ ይቻላል፣ እንግሊዝኛ ግን መጨረሻው ላይ "ኤስ" ይኑር አይኑር ብሎ ያፋጥጣችኋል። ከተጠራጠራችሁ አንድ አድርጓት።