ለመጋዘን ሾፌር አልባ ጋሪ ስትመርጡ ከወለሉ ጀምሩ

ደብረ ብርሃን ያለ ፋብሪካ ኤጂቪ፣ ማለትም ያለ ሾፌር ራሱ የሚሄድ የጭነት ጋሪ፣ ልግዛ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው የሻጩን ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ላይ ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ፓሌቱ (ዕቃ የሚደረደርበት መደብ) ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ መብራትም አይጠፋም። እኛ ጋ ሦስቱም የሉም። ስለዚህ ካታሎጉን ለጊዜው አስቀምጡትና ሜትር ያዙ።

መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰውን ዕቃ ቁጠሩ። አንድ ሙሉ ሳምንት፣ በየፈረቃው፣ ከየት ወደ የት ስንት ፓሌት እንደሄደ ይመዝገብ። አማካዩ ብቻ አይበቃም፤ ሥራ የሚጨናነቅበትን ሰዓት ለይታችሁ ያዙ። ከባዱን ጭነት ደግሞ ሚዛን ላይ አውጡት።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ከምርት ክፍሉ እስከ መጋዘኑ 120 ሜትር ነው እንበል። ጋሪው መታጠፊያውን ጨምሮ በአማካይ በሰከንድ 1 ሜትር ከሄደ፣ መሄጃው 120 ሰከንድ፣ ባዶውን መመለሻው ሌላ 120፣ ማንሳትና ማስቀመጥ 60። አንድ ዙር 5 ደቂቃ፣ በሰዓት 12 ዙር ማለት ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ ይህንን 12 ነው። ለቻርጅና መንገድ ለመጠበቅ ሩቡን ቀንሱለት፤ 9 ይቀራል። በሰዓት 20 ፓሌት ካላችሁ ሁለት ጋሪ አይበቃም፣ ሦስት ያስፈልጋል። በሰዓት አምስት ስድስት ፓሌት ብቻ ከሆነ ግን ምክሬ አትግዙ ነው። ባለ ባትሪ ሃንድ ፓሌት (ሰው በእጁ እየመራ ፓሌት የሚያነሳበት ጋሪ) እና አንድ የሰለጠነ ሠራተኛ ሥራውን ይጨርሱታል።

አሁን ወደ ወለሉ። ብዙ ሰው ልብ ሳይል የሚያልፈው፣ ብዙ ገንዘብም የሚበላው እዚህ ጋ ነው።

የኤጂቪ ጎማ ትንሽና ጠንካራ ነው። ፎርክሊፍት ሳይሰማው የሚያልፈው የሊሾ ስንጥቅ ይህን ጋሪ ያናውጠዋል፣ ጭነቱንም ያንሸራትተዋል። ግንበኛ ሊሾ የሚያስተካክልበትን ረጅም የአልሙኒየም ዘንግ ተዋሱና ጋሪው በሚሄድበት መስመር ሁሉ መሬት ላይ እያስተኛችሁ ከሥሩ የሚታየውን ክፍተት ለኩ። የወለል መጋጠሚያ፣ የፍሳሽ ክዳን፣ የበር ደፍ፣ ሁሉም ይመዝገብ። ልኬቱን ለሻጩ ላኩና “ማሽንህ ይህንን ይችላል?” ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ራምፕ ካለ ለብቻው ይፈተን፤ ደግሞ ጭነት ይዞ። አንድ መጋዘን ውስጥ ባዶውን ሲወጣ አይተው ተረከቡት። ጭነት ሲይዝ ራምፑ መሐል ላይ ቀጥ አለ። ሻጩ የተናገረው ልክ ነበር፤ የማዘንበል ልኩን የተናገረው ግን ለባዶ ጋሪ ነበር።

እርጥበትም አለ። አብዛኞቹ ጋሪዎች የተጓዙትን ርቀት ከጎማቸው ዙር ይቆጥራሉ። ክረምት ላይ መኪና ይዞት የገባው ጭቃ ወይም ቢራ ፋብሪካ ውስጥ የፈሰሰው ውሃ ጎማውን ካንሸራተተው ቆጠራው ይዛባል። ስለዚህ መንገዱን በምን እንደሚያውቅ ጠይቁ። ወለሉ ላይ ተለጥፎ ጋሪው የሚከተለው ማግኔት ቴፕ ርካሽ ነው፤ የራሳችሁ ቴክኒሻን ይለጥፈዋል። ሰዎች ይንቁታል፣ እኔ ግን መስመሩ ለማይቀያየር ሥራ እወደዋለሁ። ጠላቱ ከላዩ የሚመላለስ ሃንድ ፓሌት ነው፤ ልጦ ይጥለዋል። ወለል ላይ የሚለጠፍ ኪውአር ኮድ አቧራ ባለበት አትሞክሩት። ግድግዳና ምሰሶ ላይ አንጸባራቂ ተክሎ በሌዘር የሚሄደው በጣም ትክክለኛ ነው፤ ቦንዳው ከፍ ብሎ ተደርድሮ አንጸባራቂውን እስካልከለለ ድረስ። ምንም ሳይለጠፍ የአካባቢውን ቅርጽ እያየ የሚሄደው ቪዲዮ ላይ ያማልላል። የብርድ ልብስ ቦንዳ ዛሬ እስከ ጣሪያ ሞልቶ ነገ ባዶ በሚሆንበት ሰፊ መጋዘን ግን መያዣ ያጣና የት እንዳለ ይጠፋዋል።

ፓሌት፦ መጠኑን አንድ አድርጉ። 1,200 በ1,000 ሚሊሜትር ወይም 1,200 በ800፣ አንዱን ምረጡና የተሰበረውን አስወግዱ። ሰው ጠማማ ፓሌት ሲያይ ያስተካክላል። ማሽኑ ቆሞ ይጮሃል።

ስለ ባትሪ ሲነገር ሁሉም ሊቲየም ይላል፤ እኔም እስማማለሁ። ሊድ አሲድ ስምንት ሰዓት ገደማ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ከዚያም መቀዝቀዣ ጊዜ። ሊቲየም በሻይ ሰዓት እንኳ ትንሽ ትንሽ ይሞላል፤ መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተለመደው ሊቲየም ግን ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ እንዴት እንደሚያድር የሚያውቅ ያውቀዋል። ቻርጀሩን በር አጠገብ አትትከሉ፤ ሙቀት የሚይዝ ክፍል ፈልጉለት። ቻርጀሩና መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ጄኔሬተሩ ላይ መግባታቸውንም አረጋግጡ።

ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። ብዙ ሞተር መቆጣጠሪያና ቻርጀር ሙሉ አቅሙ የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፣ አቅሙም ይቀነሳል። ፕሮፎርማ ስትጠይቁ ከፍታውን ጻፉ። ሻጩ ካላነሳው እናንተ አንሱት።

ለደህንነት ሾፌር አልባ የኢንዱስትሪ ጋሪዎችን ከሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ ከአይኤስኦ 3691-4 ጋር የሚስማማ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ይቅረብ። ሌዘር ስካነሩ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለ አንድ ጠፍጣፋ መስመር ብቻ ነው፤ ከፍ ብሎ የተዘረጋ የፎርክሊፍት ሹካ አይታየውም። ስለዚህ ፎርክሊፍትና ኤጂቪ በአንድ መተላለፊያ አታደባልቁ። በግራና በቀኝም ግማሽ ሜትር ያህል ክፍት ይሁን። የሱፍ ብናኝ ባለበት ፋብሪካ የስካነሩን መስታወት በየፈረቃው የሚጠርግ ሰው መድቡ፣ ያለዚያ ጋሪው ያለምክንያት ይቆማል።

የመጨረሻው ውሉ ነው። ርክክቡ በእናንተ ወለል፣ በእናንተ ፓሌት፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ በሚጨናነቀው ሰዓት ይሁን። ጎማ፣ ስካነርና ባትሪ መለዋወጫ ከማሽኑ ጋር አብረው ይምጡ፤ ብቻውን የሚመጣ መለዋወጫ የውጭ ምንዛሪና የጉምሩክ ጣጣ አለው። መስመር መቀየሪያውን ሶፍትዌርና የይለፍ ቃሉንም የራሳችሁ ቴክኒሻን ይያዘው፤ ያለዚያ አንድ መደርደሪያ ባዛወራችሁ ቁጥር ከውጭ ባለሙያ ልታስመጡ ነው። ይህ ሁሉ በጽሑፍ ሰፍሮ ካልተፈረመ ቅድመ ክፍያ አትክፈሉ።