ማምሻውን ከኦክ ዛፍ የሚመጣውን የሲካዳ (ዛፍ ላይ ሆኖ የሚጮህ ባለ ክንፍ ነፍሳት) ጩኸት ለመለየት
በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ጫካ አጠገብ የምትኖሩ ሁሉ፣ ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ከኦክ ዛፎች አናት የመጋዝ ሞተር የሚመስል ወፍራም ጩኸት ከሰማችሁ ሰዓቱን ልብ በሉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲጨልም ጸጥ ካለ፣ ከሰሜን አሜሪካ ሲካዳዎች በአካል ትልቁ የሆነው የምሽት ሲካዳ ሳይሆን አይቀርም። የሚጮኸው ወንዱ ብቻ ነው፤ ድምፁንም የሚያወጣው እንደ ፌንጣ አካሉን በማፋተግ ሳይሆን፣ በሆዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ስስ ሽፋኖች በጡንቻ በፍጥነት በማርገብገብ ሲሆን፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ሆዱ ድምፁን እንደ ከበሮ ያጎላዋል። ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ራሱን ማየት ያስቸግራል፤ ጠዋት ግንዱን ብትዞሩት ግን ሲካዳው አውልቆ የተወው፣ ጀርባው የተሰነጠቀ ቡናማ ቅርፊት ተጣብቆ ልታገኙ ትችላላችሁ። በ2021 ጆሯችንን ያደነቆሩት ባለ ቀይ ዓይኖቹ፣ በየ17 ዓመቱ ከመሬት የሚወጡት ሲካዳዎች ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ እነርሱ የሚጮኹት በሜይና በጁን፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ ነው።