ኬሚካዊ እኩልታን ማመጣጠን፦ ከከሰል ማንደጃ እስከ ጋዝ ምድጃ

ከሰል ሲነድ በውስጡ ያለው ካርቦን በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። በማንኛውም ኬሚካዊ ለውጥ የነበረ አቶም አይጠፋም፣ ያልነበረም አይፈጠርም፤ የሚለወጠው ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ብቻ ነው። ማንደጃው ላይ የሚቀረው አመድ ከጨመርነው ከሰል እጅግ የሚያንሰው አብዛኛው ካርቦን ጋዝ ሆኖ ስለሚሄድ ነው። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚዬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የሚካሄዱ ለውጦችን በፊትና በኋላ በጥንቃቄ እየመዘነ ያሳየው ይህንኑ ነበር። እኩልታን፣ ማለትም ከለውጡ በፊትና በኋላ ያሉትን ነገሮች በቀስት የሚያገናኘውን ጽሑፍ፣ የምናመጣጥነውም ለዚህ ነው፤ ከቀስቱ በስተግራ ያሉት አቶሞች በሙሉ በስተቀኝም በዓይነትና በቁጥር መገኘት አለባቸው።

በእኩልታ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቁጥሮች አሉ። ከምልክቱ ግርጌ በትንሹ የሚጻፈው (ለምሳሌ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀመር፣ በCO₂፣ ያለው 2) በአንድ ሞለኪውል ውስጥ የዚያ ዓይነት አቶም ስንት እንደሆነ ሲናገር፣ ከቀመሩ ፊት የሚጻፈው ደግሞ የሞለኪውሎቹን ብዛት ይናገራል። ስናመጣጥን የምንነካው ከቀመሩ ፊት ያለውን ብቻ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል። የኦክስጅን ሞለኪውል ሁለት አቶም ስላለው፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አንድ ብቻ ስለያዘ፣ በስተቀኝ አንድ የኦክስጅን አቶም ይጎድላል። ጀማሪ ተማሪ ጉድለቱን ለመሙላት ከኦክስጅን ግርጌ 2 መጻፍ ይቀናዋል፤ ያን ጊዜ ግን የጻፈው ሌላ ነገር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኗል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦

2 ካርቦን + 1 ኦክስጅን → 2 ካርቦን ሞኖክሳይድ

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከእስትንፋሳችን ጋር የምናወጣው ጋዝ ሲሆን፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዛል። ከሰሉ ፍም ከሆነ አይጎዳም የሚለው አባባል ስሕተት ነው፤ ደህና የቀላ ፍምም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

አሁን ጠንከር ወዳለው እንለፍ። በሲሊንደር ከሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ውስጥ የሚገኘው ቡቴን በአንድ ሞለኪውል 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው፤ በደንብ ሲነድም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናል። ከካርቦን ይጀምሩ፦ 4 ስለሆነ 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ሃይድሮጅን፦ አንድ ውሃ 2 ስለሚይዝ፣ 10ሩ 5 ውሃ ይወጣቸዋል። ኦክስጅንን መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ በስተግራ ብቻውን የቆመ ስለሆነ ቁጥሩ ቢለወጥ ሌላውን አያናጋም። በስተቀኝ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ 8፣ ከውሃው 5፣ በድምሩ 13 የኦክስጅን አቶሞች አሉ። ኦክስጅን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚመጣ 13 ለመሙላት ስድስት ተኩል ሞለኪውል ያስፈልጋል፤ ግማሽ ሞለኪውል ስለሌለ ሁሉንም በ2 ያባዙ፦

2 ቡቴን + 13 ኦክስጅን → 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 10 ውሃ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኦክስጅንን አባዝቶ ሌሎቹን ይረሳል። ስለዚህ እንደገና ይቁጠሩ፤ በሁለቱም በኩል 8 የካርቦን፣ 20 የሃይድሮጅን፣ 26 የኦክስጅን አቶሞች መኖር አለባቸው።

ቁጥሮቹን በሞል (የሞለኪውሎችን ብዛት በምንለካበት መለኪያ) ወስደን ብንመዝናቸው 116 ግራም ቡቴንና 416 ግራም ኦክስጅን 352 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 180 ግራም ውሃ ይሰጣሉ፤ በሁለቱም በኩል 532 ግራም ነው። ቀዝቃዛ ድስት ምድጃው ላይ እንደተጣደ ከሥሩ ለአፍታ የሚያልበው ከዚህ ውሃ የተነሣ ነው። 416 ግራሙ ኦክስጅን ግን የሚመጣው ከክፍሉ አየር ስለሆነ፣ መስኮት ተዘግቶ አየሩ ካነሰ ቡቴኑም ካርቦን ሞኖክሳይድ መስጠት ይጀምራል። ካርቦኑ በሙሉ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅኑም ወደ ውሃ ተለወጠ ብለው ይህን እኩልታ ራስዎ ያመጣጥኑት፤ ከ2 ቡቴን ጋር 9 ኦክስጅን ካገኙ በትክክል ሠርተዋል።