ከጎጃም መጥታችሁ አሜሪካ የፋርማሲ ሕግ ለምትፈተኑ

“የሕጉ ፈተና የወጣ ጥያቄ ካለህ ላክልኝ” የምትሉኝ ልጆች፣ የለኝም። ቢኖረኝም አልክም። በ2007 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ ውስጥ የፈተና ጥያቄ በጥናት ማስታወሻ ስም ሲዞር ተደርሶበት፣ ፈተናውን የሚያዘጋጀው የየስቴቱ የፋርማሲ ፈቃድ ሰጪ ቦርዶች ማኅበር፣ ኤንኤቢፒ፣ የስቴቱን የሕግ ፈተና አቁሞ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲን ከሷል። ስለ ሕግ ልትፈተኑ በተሰረቀ ጥያቄ ማጥናት ምን የሚሉት ነው?

መንገዱን በአጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የውጭ ተመራቂዎች ማረጋገጫ፣ ከዚያ የልምምድ ሰዓት፣ ናፕሌክስ (የፋርማሲስት ፈቃድ የሙያ ፈተና) እና የሕግ ፈተናው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 ወዲህ የተመረቀ ሰው የ5 ዓመት ትምህርት ይጠየቃል። ዓመቱ የነሱ ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 1995 ማለት ነው። በዚህ እንኳ የሚደናገር አለ።

አሁን ዋናውን ስሙኝ፤ ስም። እኔን ከፈተናው በር የመለሰኝ እሱ ነው። ስመዘገብ የአባቴን ስም መጨረሻ ላይ ሞላሁ። መታወቂያዬ ላይ ግን መጨረሻ ያለው አያቴ ነው። ለኛ ያው አንድ ሰው ነው፤ በሩ ላይ ለቆመችው ልጅ ግን ሁለት ሰው ነው። ብለምን፣ ፓስፖርት ባወጣ፣ ወይ ፍንክች። የከፈልኩት ብር ቀለጠ፣ ማስተካከያ ብዬ ስጽፍ ደግሞ ቅጽ ሙላ፣ ሌላ ሰነድ ላክ፣ ጠብቅ። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ ፓስፖርቱንና መታወቂያውን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። አንዱ ላይ አንድ “ሸ” በሁለት ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈ አሁኑኑ አስተካክሉ። “ይገባቸዋል” እንዳትሉ፣ አይገባቸውም።

ጥናቱን በተመለከተ፣ የጓደኛ ማስታወሻ ይዛችሁ አትድከሙ። ጓደኛችሁ የተፈተነው ሌላ ስቴት ከሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ካሊፎርኒያ እንዲያውም የራሷ ፈተና አላት። የስቴታችሁን ሕግ ከቦርዱ ድረ ገጽ አንብቡ፣ የፌዴራሉን ከጎኑ አስቀምጡ፤ ሁለቱ ሲለያዩ ጥብቅ የሆነውን ያዙ።

ደግነት እዚህ ፈተና ላይ ይጥላል። ደብረ ማርቆስ ወይ ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት የሠራ ሰው ደንበኛውን በስሙ ያውቀዋል፣ ሲያመው ያዝንለታል። ፈተናው ግን በሽተኛው ሲያለቅስ አስቀምጦ ሕጉን ነው የሚጠይቃችሁ። ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉ መድኃኒቶች በሕጉ በምድብ ተከፍለዋል፤ ምድብ 2 መድኃኒት በዚያው ማዘዣ ድጋሚ አይሰጥም፣ አለቀ። ድንገተኛ ከሆነ ሐኪሙ በስልክ ሊያዝ ይችላል፣ ግን በፌዴራል ሕግ የጽሑፍ ማዘዣው በ7 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ምድብ 3 እና 4 በ6 ወር ውስጥ ቢበዛ 5 ጊዜ ድጋሚ ይሰጣል። እዚያ በየሰፈሩ የለመዳችሁት የሕመም ማስታገሻ ትራማዶል እዚህ ከ2014 ጀምሮ ምድብ 4 ነው። ደግሞ መልስ ሰጥታችሁ ካለፋችሁ ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ፈቃዱን ካገኛችሁ በኋላ ተከታታይ ትምህርት አለ። የኮርሱ ቁጥር መጨረሻ ላይ “ፒ” ያለው ለፋርማሲስት፣ “ቲ” ያለው ለቴክኒሻን ነው፤ ነፃ ነው ብላችሁ “ቲ” ስታጠራቅሙ ከርማችሁ እድሳት ሲደርስ እኔጋ አትደውሉ። ስቴታችሁ የሕግ ሰዓት ለብቻው ካስገደደ “03” የሚል መለያ ያለውን ፈልጉ። ትምህርቱን እንደጨረሳችሁ ክሬዲቱን ያኔውኑ ጠይቁ፣ 60 ቀን ካለፈ አይመዘገብላችሁም።