ስሜን ተራሮች ላይ አደጋና ወንጀል ሲገጥም፤ ለስካውት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መመሪያ

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አደጋ ሲደርስ ተጎጂው አፋፍ ላይ፣ መኪናውና ጤና ተቋሙ ደግሞ የፓርኩ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ከተማ ናቸው። ሐኪም፣ ፖሊስና ተጨማሪ ሰው እስኪደርስ ድረስ የሦስቱንም ሥራ የሚጀምረው ስካውቱ፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ነው። እዚህ የያዝነው የከፍታ ሕመምን፣ የአስታ (የደጋ ቁጥቋጦ ዛፍ) ቃጠሎንና ሕገወጥ አደንን ነው። እኩል አልተነተንናቸውም፤ ሰው የሚሞትበትና መዝገብ የሚበላሽበት ቦታ ላይ ረዘም ብለናል።

መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፉ

ማንኛውም ጉዳይ ሲገጥም ከመሮጥ በፊት ማስታወሻ ደብተር አውጥታችሁ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ በብርድ አልጽፍ ይላል፣ ዝናብ ሲነካው ጽሑፉ ይፈሳል።

ብዙ የተበላሸ መዝገብ የሚጀምረው ከሰዓት ነው። ስካውቱ «8 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል፤ የስልኩ ፎቶ 14:20 ይላል፤ ጂፒኤሱ በግሪንዊች ሰዓት ከተተወ ደግሞ 11:20 ያሳያል። ሦስቱም ስለ አንድ ቅጽበት ነው የሚናገሩት፤ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ግን ሦስት የተለያዩ ክስተቶች ይመስላሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ «ከቀኑ 8፡20፣ በስልኩ 14:20» ብላችሁ ሁለቱንም አስፍሩ። ሌሊት ሲሆን ይብሳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተነሣ ፎቶ በእኛ አቆጣጠር ገና የሰኞ ሌሊት ነው፣ በስልኩ ግን ማክሰኞ ሆኗል። ቀኑንም በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ።

በሬዲዮ ስትናገሩ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳላችሁ፣ ምን እንደተከሰተ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ ምን እንደሚያስፈልግ። ቦታውን ከክስተቱ አስቀድሙ፤ መስመሩ ቢቆረጥ ቢያንስ የት መምጣት እንዳለበት ተቀባዩ ያውቃል። «እኔ ዘንድ ቶሎ ድረሱ» የሚል መልእክት ለማንም አይጠቅምም። ሸለቆ ውስጥ ሬዲዮው ካልያዘ ባትሪ እየጨረሱ ከመጮኽ አንድ ሰው ወደ ሸንተረሩ ይውጣ። ስልክ ለመደወል የማይበቃ መስመር አጭር መልእክት ሊያሳልፍ ስለሚችል ጽፋችሁ ላኩ።

ራሱን ያመመው ተጓዥ

እንግዳው ጎንደር ገብቶ ያድራል፤ ጎንደር ከባሕር ወለል ወደ 2100 ሜትር ነው። በማግስቱ በመኪና ሳንቃበር ካምፕ ይደርሳል፣ 3250 ሜትር ገደማ። ሦስተኛው ቀን ጨነቅ ካምፕ ነው፣ ከ3600 ሜትር በላይ። ሰውነቱ ሳይለምድ ነው የወጣው። ራስ ምታት ብቻውን አያስደነግጥም፤ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም፣ ከማዞር ወይም ምግብ ከመጥላት ጋር ሲመጣ ግን የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት። ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ «ፀሐይ መትቶት ነው» አትበሉ።

በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ባለበት ይረፍ እንጂ ወደ ላይ አይውጣ። በ24 ሰዓት ካልተሻለው ይውረድ። የሚገድሉት ሁለቱ ግን ሌሎች ናቸው።

አንደኛው አንጎል ሲያብጥ የሚመጣው ነው። ሰውየው ይንገዳገዳል፣ ወሬው ይምታታል፣ ጠባዩ ይለወጣል። መመርመሪያው ቀላል ነው። መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገጣጠመ አሥር እርምጃ እንዲሄድ አድርጉ። ከመስመሩ ከወጣ ወይም ሊወድቅ ካለ ጊዜ የለም። የደከመውን ከታመመው ለመለየት ጤነኛ ጓደኛውንም በዚያው መስመር አስኪዱት።

ሁለተኛው ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ነው። ተቀምጦም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ሲብስ አረፋ ያለው ቀላ ያለ አክታ ይወጣዋል። ይህ ሰው በእግሩ አይሂድ፤ ልፋት ያባብስበታል። ከወገቡ ቀና ብሎ ተደግፎ ይቀመጥ፣ ይሞቅ፣ በበቅሎ ወይም በቃሬዛ ይውረድ።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ ጨነቅ ላይ ጤነኛ ሰውም 85 እና 90 መካከል ሊያሳይ እንደሚችል እወቁ። ቁጥሩን ከአብረውት ከወጡት ጋር አነጻጽሩ፤ ጓደኞቹ 88 ሲሆኑ እሱ 72 ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የቀዘቀዘ ጣት፣ የጥፍር ቀለምና እንሶስላ መለኪያውን ያሳስቱታል፤ እጁን አሙቁት፣ ካስፈለገ የጆሮውን ጫፍ ሞክሩ።

የኦክስጅን ሲሊንደር ምን ያህል እንደሚቆይ ከመነሣታችሁ በፊት አስሉት፤ የሲሊንደሩን ሊትር በግፊቱ አባዙትና በደቂቃ በምትሰጡት መጠን አካፍሉት። 2 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር 300 ሊትር ኦክስጅን አለው። በደቂቃ 4 ሊትር ከሰጣችሁ 75 ደቂቃ፣ 2 ሊትር ከሰጣችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆያል። ኦክስጅንም ሆነ ዴክሳሜታዞን (የአንጎል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) የመውረጃ ጊዜ ይገዛሉ እንጂ መውረድን አይተኩም። መድኃኒቱ በሠለጠነ ሰው ወይም በሐኪም ምክር ይሰጥ።

ታዲያ ወዴት ነው የሚወረደው? እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ከራስ ደጀን የሚመለስ ሰው ቢታመም ከተራራው ሥር ወዳለችው አምቢቆ መንደር ማውረድ ትክክል ነው፤ ከጫፉ ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ከአምቢቆ ወደ ጨነቅ «መመለስ» ግን መውረድ አይደለም። ከ4000 ሜትር በላይ ያለውን የቧሂት ማለፊያ መውጣት ነው፤ ሳንባው ውኃ የቋጠረ ሰው በእግሩ ካለፈበት ላይደርስ ይችላል። አምቢቆ አሳርፉት፤ ሲሻለው ወይም ኦክስጅንና መኪና ሲገኝ አንቀሳቅሱት። ጨነቅ ላይ የታመመ ደግሞ ሳንቃበር ላይ «ትንሽ ይረፍ» ተብሎ አይቁም፤ በቀጥታ ደባርቅ ይግባ።

ቃሬዛና ብርድ

ለቃሬዛ አስታ አትቁረጡ። እያንዳንዱ ካምፕ ሁለት ሜትር ተኩል የሚረዝሙ ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች አስቀድሞ ያስቀምጥ። ብርድ ልብሱን ዘርጉ፣ አንዱን ምሰሶ ከጠርዙ ሲሶ ላይ አኑሩና እጠፉት፣ ሁለተኛውን በታጠፈው ላይ አድርጋችሁ የቀረውን መልሳችሁ ደርቡ። የሰውየው ክብደት ራሱ ያጠብቀዋል፤ መስፋት አያስፈልግም። ስምንት ሰው ያስፈልጋችኋል፤ አራቱ ሲሸከሙ አራቱ ያርፋሉ፣ በየ10 እስከ 15 ደቂቃው ይቀያየራሉ። በአራት ሰው የተጀመረ ሸክም አፋፍ ላይ ይቆማል።

ከወደቀ ሰው ጋር ከሆናችሁ አንገቱንና ጀርባውን ሳታንቀሳቅሱ ጠብቁ። ገመድና ሥልጠና የሌለው ሰው ወደ ገደል አይውረድ፤ አንድ ተጎጂ ሁለት ይሆናል።

የረጠበውን ልብስ አውልቃችሁ ደረቅ ጋቢ አልብሱ፣ ከሥሩም አንጥፉ፤ ከነፋሱ ያላነሰ ብርድ የሚገባው ከመሬት ነው። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡ። አረቄ አትስጡ። የሚያሞቅ የሚመስለው ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ነው፤ የውስጡ ሙቀት ግን በዚያው ይባክናል። ይህን ለባለ በቅሎዎቹ በደግነት አስረዷቸው፤ ጠርሙሱን ሲያወጡ የሚያደርጉት በቅን ልቦና ነው።

አስታ ሲነድ

በ2011 ዓ.ም. በጓሳው ሣርና በአስታው ላይ የተነሣው ቃጠሎ ለቀናት ቆይቶ ከእስራኤል ድረስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የመጡበት ነበር። አስታ እርጥብ ሆኖም ይነዳል፤ ከሥሩ ያለው የረገፈ ቅጠልና ሥር ደግሞ ከመሬት በታች ሳይታይ ይጨሳል። ስለዚህ ነበልባሉ ጠፋ ማለት እሳቱ ጠፋ ማለት አይደለም።

ከእሳቱ በላይ አትቁሙ። ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እሳቱ ሽቅብ የሚሄድበት ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቀን ነፋሱ ከቆላው ወደ አፋፉ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ሥራችሁን ከጎኑ ጀምሩ፣ ከተቃጠለው መሬት ተነሥታችሁ፤ ነፋሱ ቢዞር መሸሻችሁ ያ ጥቁር መሬት ነው። ቁልቁል የሚንከባለል የነደደ ግንድና ድንጋይ ስላለ አንድ ሰው ቆሞ የሚያይ ብቻ ይሁን።

ከሰው ቁመት ያለፈ አስታ ውስጥ ገብቶ መስመር መቁረጥ ከንቱ ልፋት ነው። ወደ ኋላ ተመለሱና ጓሳው፣ የእግር መንገዱ ወይም ድንጋያማው ቦታ ላይ ጠብቁት። ጓሳ ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስመር እስከ አፈሩ ድረስ ላጡ፤ ሥሩ ከቀረ እሳቱ በሥሩ ይሻገራል። በእርጥብ ቅርንጫፍ ስትመቱ ወደ ተቃጠለው ጎን ጥረጉ እንጂ አታንሡት፤ ከፍ ተደርጎ የተመታ ፍንጣሪ ከጀርባችሁ ይወድቃል።

የተሻለው ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ነፋሱ ደካማ፣ ሣሩ ጤዛ የያዘ ነው። ሌሊቱ እሳት ለማጥፋት ይመቻል ብሎ አፋፍ ላይ ሰው ማሰማራት ግን አንመክርም።

ከቀበሌ የሚመጣውን ሕዝብ አሥር አሥር አድርጋችሁ በአለቃ ከፋፍሉ፣ ሲገቡም ሲወጡም ቁጠሩ። ኮንጎ ጫማና ናይለን ጃኬት ያደረገ ወደ መስመሩ አይጠጋ፤ ቀልጦ ከቆዳ ይጣበቃል። ውኃ በማመላለስ ያግዝ፤ የሚሠራ ሰው በሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሊትር ይጠጣል።

ከጠፋ በኋላ ከጠርዙ ወደ ውስጥ እየገባችሁ የእጃችሁን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠጉ። ሙቀት ከተሰማችሁ ቆፍሩ፣ ውኃ አፍስሱ፣ ከአፈር ጋር አቡኩ፣ እንደገና ፈትሹ። አፈር ማልበስ ብቻ እሳቱን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ቢያንስ ሦስት ቀን ጠባቂ ይቆይ፣ በተለይ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ።

ወጥመድ ወይም የተገደለ ዋልያ

የተገደለ ዋልያ ስታዩ መጀመሪያ ቁሙና ዙሪያውን ቃኙ። አዳኙ ቅርብ ሊሆን ይችላል፣ መሣሪያም ይዞ ይሆናል። ብቻችሁን ከሆናችሁ አትከተሉት፤ አቅጣጫውን ጻፉ፣ በሬዲዮ አሳውቁ።

ቦታው ጸጥ ካለ አንድ መግቢያ ምረጡና ሁሉም በዚያው ይግባ፣ በዚያው ይውጣ። ማስረጃ የሚጠፋው በአዳኙ ከሚሆነው ይልቅ ለማየት በተሰበሰበው ሰው ጫማ ነው። ሦስት ዓይነት ፎቶ አንሡ፤ ከሩቅ ሸንተረሩ ጭምር እንዲታይ፣ ከመካከል እያንዳንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዲታይ፣ ከቅርብ ደግሞ ማስመሪያ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ ተደርጎ። ከዚያ በፊት ምንም ዕቃ ከቦታው አታንሡ። ወጥመዱን «ሌላ እንዳይያዝበት» ብሎ ቶሎ መንቀል የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሰው አቁሙበት እንጂ ሳይቀረጽ አትንቀሉት።

ቀልሃ ስታገኙ በጣት አትያዙት፤ ቀጭን እንጨት ከጫፉ አስገብታችሁ አንሡ። ደም ያለበት ቢላዋ ወይም ገመድ በካኪ ፖስታ ይግባ። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ደሙ ይሻግታል፣ ለምርመራም አይሆንም። በፖስታው ላይ ቁጥር፣ ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓትና ያነሣው ሰው ስም ይጻፍ፤ አፉ ላይ ፈርማችሁ አሽጉ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አስረካቢና ተረካቢ በየጊዜው ይፈርሙ። ቀንዱ አንድ ሌሊት ማን ዘንድ እንዳደረ የማይታወቅ ከሆነ ጠበቃው የሚጠይቀው ስለዚያች ሌሊት ብቻ ነው።

እጅ ከፍንጅ የያዛችሁት ሰው ካለ መሣሪያውን መጀመሪያ ለዩ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጋችሁ ጥይቱን አውጡ፣ የጠመንጃውን ቁጥር ጻፉ። ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፤ ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም አስታውቁት። ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ያለ ነው። በዚያው አንቀጽ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። ካምፕ ውስጥ አሳድሮ ማነጋገር ግን ጉዞ አይደለም። ዱላ ደግሞ ጥፋት ከመሆኑም ሌላ እውነተኛውን መዝገብ ያበላሻል። ለቅርቡ ፖሊስ አስረክቡና የተረከበበትን ሰዓት አስፈርሙ።

ከብት ፓርክ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው። ቁጥሩን፣ ዓይነቱን፣ ቦታውንና ባለቤቱን መዝግቡ፤ እረኛው ልጅ ከሆነ ከልጁ ጋር አትጋፈጡ፣ በቀበሌውና በሽማግሌዎቹ በኩል አባቱን አስጠሩ። ነገ እሳት ሲነሣ አካፋ ይዞ የሚመጣው ያው አባት ነው።

የሞተ ቀይ ቀበሮ ወይም የሚያጋድል ውሻ ካያችሁ በባዶ እጅ አትንኩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ፎቶና ቦታ ይበቃል፣ ለፓርኩ የእንስሳት ባለሙያ ንገሩ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፣ አጥብቃችሁ አትሰሩት። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን ወደ ደባርቅ ይሂድ፤ ክትባቱ የሚሠራው ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ብቻ ነው።