የአቃቂን ቆስጣ በ3 ደቂቃ፦ የዶክትሬት ተማሪዎች መድረክ ላይ የሚሳሳቱት

የ3 ደቂቃ የዶክትሬት ገለጻ በ2008 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ውድድር ነው። አንድ የማይንቀሳቀስ ስላይድ፣ 3 ደቂቃ፤ ካለፈ መሰረዝ። በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማን አትክልት ያጠና ተማሪ ይህንኑ ይዞ ወረዳ አዳራሽ ሲቆም የሚሰርዘው ዳኛ የለም። አትክልተኛው ነው ተነስቶ የሚወጣው።

"የተከበሩ የወረዳችን አስተዳዳሪ፣ የተከበራችሁ የሀገር ሽማግሌዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ…" ግማሽ ደቂቃ በዚህ አለቀ። ይህን ለመድረክ መሪው ተዉለት።

ቀጥሎ የሚመጣው ከምዕራፍ 1 መጀመር ነው፦ የከተሞች ዕድገት፣ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የቀደሙ ጥናቶች። ወንዙ ዳር ለሚኖር ሰው ስለ ፍሳሹ አይነገረውም፤ ሽታው ቤቱ ድረስ ይመጣል። የሚጠብቀው "ቆስጣው ይበላል ወይስ አይበላም?" ለሚለው መልስ ነው። በመጀመሪያው 20 ሰከንድ ስጡት። ናሙና አወሳሰዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ወደ ዋናው ጥፋት እንምጣ። ላብራቶሪ ቅጠሉን አብዛኛውን ጊዜ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ በአሲድ አሟሙቶ ነው በውስጡ ያለውን እርሳስ (ሊድ የሚባለውን መርዛማ ብረት) የሚለካው፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣውም የደረቀ ቅጠል ቁጥር ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል አትክልት ያስቀመጠው የእርሳስ ጣሪያ፣ በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም፣ ግን ለእርጥቡ ነው። ቆስጣ ደግሞ ከመቶ 90 ያህሉ ውሃ ነው። በደረቁ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም የተገኘበት ቅጠል በእርጥቡ 0.2 ይሆናል፤ ከጣሪያው በታች። ተማሪው ግን 2ን ከ0.3 ጎን አቁሞ "ከተፈቀደው ወደ 7 እጥፍ!" ይላል። የዚያ ሰፈር አትክልት በማግስቱ ገዢ ቢያጣ ማን ይጠየቃል? በተቃራኒው፣ የእርጥቡን ቁጥር ይዞ እንደገና ለ10 የሚያካፍል እውነተኛውን አደጋ ይሸፍናል። ውጤቱ የደረቅ ይሁን የእርጥብ ላብራቶሪውን ሳይጠይቁ መድረክ መውጣት ምንም ምክንያት አያድነውም።

"ሚሊ ግራም በኪሎ" ራሱ ለአድማጭ ምንም አይነግረውም። 0.3 ማለት በ100 ኩንታል ቆስጣ ውስጥ 3 ግራም ነው በሉ፤ ኩንታልን ሁሉም ያውቃል። ይህች ኢምንት እንዳትመስል፣ እርሳስ በአጥንት ውስጥ እንደሚጠራቀምና ሕፃናትን ከሁሉ በላይ እንደሚጎዳ እዚያው አያይዙ።

ጽሑፉ ከ300 ቃል አይብለጥ። ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ 400 ቃል አማርኛ ላይ ትንፋሽ ያሳጥራል። በአዲስ አበባ ዳርቻ ብዙ አድማጭ የሚቀናው አፋን ኦሮሞ ነውና አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አስተርጓሚ ካለ ጽሑፉን በግማሽ ቀንሱ።

ስላይዱን በፒዲኤፍ ያዙ፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ፊደሉን ሳጥን ያደርገዋል። መጋረጃ በሌለው አዳራሽ ቢጫ መስመር አይታይም። መብራት ከጠፋም ያለ ስላይድ የሚቆም ንግግር ይኑራችሁ።

"ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" ብሎ መውረድም አለ፤ ለተቆጣጣሪ ፕሮፌሰር እንጂ ለባለ ማሳ አይባልም። "ታዲያ አጥበን ብንበላውስ?" መባሉ አይቀርም። በንጹህ ውሃ ማጠብ ቅጠሉ ላይ ያረፈውን አፈርና አቧራ፣ ከነሱ ጋር ያለውንም እርሳስ ይቀንሳል፤ በሥር ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ የተቀመጠውን ግን አያወጣም። ሁለቱንም ንገሯቸው።