ካምፔን ሳያልቅ ሲቆም ስንሰነባበት የምንሰራቸው ስህተቶች

ሮል ፕሌይ ጌም እጫወታለሁ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር (ገጸ ባህሪ) ይዞ ዳይስ እየወረወረ አብሮ ታሪክ የሚሰራበት ጌም ነው። የኔ ሌባ ካራክተር 14ኛው ሴሽን (አንዴ ተሰብስበን የምንጫወተው) ላይ የተቆለፈ በር ፊት እንደቆመ ነው የቀረው። ዳይስ ወረወርኩ፣ ባለ 20 ገጹ ላይ 19 ወጣልኝ (ትልቅ ቁጥር ነው የሚፈለገው)፣ ጌም ማስተሩ፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራው ሰው፣ "ሰዓት ሄዷል በሚቀጥለው እንቀጥላለን" አለን፣ የሚቀጥለው ግን አልመጣም። ካምፔን (ብዙ ሴሽን የሚፈጅ አንድ ታሪክ) መቋረጡ ራሱ ምንም አይደለም፣ ሰው ስራ ይበዛበታል፣ ልጅ ይወለድለታል፣ አንዳንዴ ደግሞ በቃ ሙዱ ይጠፋል። የሚያናድደው አጨራረሱ ነው፣ እና ያየኋቸውን ስህተቶች፣ ራሴ የሰራኋቸውንም ጨምሬ ልንገራችሁ።

ዝም ብሎ መጥፋት

ይሄ ከሁሉም ይብሳል። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው ሮል ፕሌይ ጌም እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነገር ነበር፣ ሰው ከቀረ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። ዲስኮርድ (በኦንላይን የምንገናኝበት የድምጽና የቻት አፕ) ላይ ግን የሰውየው አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፣ ሌላ ጌም እየተጫወተ እንደሆነ ሁሉ ይታያችኋል፣ ለናንተ ግን መልስ የለም። እኔም ጌም ማስተር ሆኜ አድርጌዋለሁ፣ አምስት ሳምንት በተከታታይ "ለሚቀጥለው እናስተላልፈው" አልኩ፣ ማቆሜን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አውቀው ነበር እኮ። በኋላ አንዷ ተጫዋች ሁሌ ቅዳሜ ማታን ባዶ አድርጋ ስትጠብቀኝ እንደነበር ስትነግረኝ አፈርኩ።

ሶስት አራት መስመር ይበቃል፦ "ጓዶች፣ ካምፔኑን ከዚህ በላይ መቀጠል አልቻልኩም፣ ስራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ከናንተ ጋር ምንም የለኝም። ቅዳሜ በተለመደው ሰዓት ገብተን እንሰነባበት፣ ያልተመቸው እዚሁ ይጻፍልን።" አለቀ።

ማቆምን "ብሬክ" ብሎ መጥራት

ብሬክ ከሆነ የመመለሻ ቀን ይኑረው። ቀን ከሌለው ቆሟል ማለት ነው፣ በስሙ ጥሩት። "በቅርቡ አዲስ እንጀምራለን" የሚለውንም ተዉት ባካችሁ፣ ሰው ያምናችኋል።

ሃያ ሴሽን የሚፈጅ ታሪክ በአንድ ማታ መጨረስ

ጌም ማስተሩ ይጨነቅና ዋናውን ጠላት ከየት መጣ ሳይባል ያመጣዋል፣ ሁሉም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይዋጋል፣ ግማሹ ይሞታል፣ ማንም ደስ አይለውም። ከዚህ ይልቅ የመጨረሻውን ሴሽን ለወሬ አድርጉት። እያንዳንዱን ተጫዋች "ካራክተርህ ከ5 ዓመት በኋላ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት፣ ከዛ ጌም ማስተሩ ደብቆት የነበረውን ይዘርግፍ፣ ንጉሱን ማን እንደገደለው፣ ያ ሽማግሌ ለምን ስሙን እንደማይናገር። አንዳንዱ ጌም ማስተር "ለሌላ ካምፔን እጠቀምበታለሁ" ብሎ ሚስጥሩን ይይዛል፣ እኔ አልደግፈውም፣ ያን ሁሉ ወር ፍንጭ የለቀሙት ሰዎች ማወቅ ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ግን፣ የሰው ካራክተር መጨረሻን ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትጻፉ። አንዴ ሌላ ካምፔን ላይ ስንብት ተብሎ የተጻፈልንን ሳነብ ብቻዋን የምትኖረው የኔዋ አውሬ አዳኝ አግብታ ሶስት ልጅ ወልዳ አገኘኋት።

በጽሁፍ የምትጫወቱ ደግሞ

ካራክተራችሁ የሚያደርገውን ተራ በተራ እየጻፋችሁ የምትለጥፉ ከሆነ፣ የመጨረሻ ፖስት ላይ ኳሱን ለሌላ ሰው አትስጡ። "ዞር ብሎ አያትና ምን ልትል ነው ብሎ ጠበቀ" ብሎ የሚያልቅ ፖስት መልስ ይፈልጋል፣ መላሽ ደግሞ የለም። ካራክተራችሁ በሩን ዘግቶ ይውጣ፣ ወይ ይተኛ፣ ብቻ የራሱን ነገር ይጨርስ።

ስንብቱን ፍርድ ቤት ማድረግ

ማን አርፍዶ ይገባ ነበር፣ ማን ማይኩን አይዘጋም ነበር... የዛን ቀን ምን ይጠቅማል? ቅሬታ ካለ ለብቻ በውስጥ መስመር። ተጫዋቾችም ጌም ማስተሩን "አንድ ሴሽን ብቻ" እያላችሁ አታስጨንቁት፣ የደከመው ሰው ነው፣ አመስግኑትና ልቀቁት።

ሰርቨሩን በዛው ማታ ማጥፋት

ዲስኮርድ ላይ የጠፋ ሰርቨር (የግሩፑ ቻት ያለበት ቦታ) አይመለስም፣ ቻቱም ስዕሉም ቀልዱም አብሮ ይሄዳል። ባለቤቱ መውጣት ከፈለገ ባለቤትነቱን ለሌላ አባል ማስተላለፍ ይችላል፣ ሴቲንግ ውስጥ አለ። ፋውንድሪን (ጌሙን በኦንላይን የምንጫወትበት ፕሮግራም) ጌም ማስተሩ ከራሱ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ከሆነ የምትጫወቱት ደግሞ እሱ ሲዘጋው ለናንተም ተዘጋ ማለት ነው፣ የካራክተር ሺታችሁን (የካራክተሩ ነገር ሁሉ የተጻፈበትን ገጽ) ቀድማችሁ በፒዲኤፍ አውጡት። ሰርቨሩን የምታጠፉ ከሆነ ደግሞ ለአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጧቸው።

እኔ ያኔ ሺቴን አስቀርቼ ነበር፣ ሌባዬ ሰባት ሂት ፖይንት (የህይወት ነጥብ) ቀርቶታል። ባለፈው ጌም ማስተሩን ሌላ ግሩፕ ላይ አገኘሁትና ያ በር ተከፍቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

"የቱ በር?" አለኝ።